ትራክተሩን ሳታይው አትክፈይ

ውድ ልጄ፣

እንደምን አለሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ናፍቆትሽ በዝቶባታል።

ልትገዢልን ያሰብሽውን ያገለገለ ትራክተር ፎቶ አየሁት። ማሲ ፈርጉሰን 290 መሆኑ ደስ አሰኝቶኛል። ሞተሩ ፐርኪንስ ነው፤ ፐርኪንስ ደግሞ የተመሠረተው አንቺ ባለሽበት፣ እንግሊዝ አገር ፒተርቦሮ ነው። የአሰላ መካኒኮች ይህን ሞተር ድምፁን ሰምተው በሽታውን ይነግሩሻል። አዲሱ፣ ኮምፒውተር ያለበት፣ እርሻ መሀል አልነሳም ቢለኝ ማን ይደርስልኛል? ምርጫሽ ልክ ነው።

ቀብድ ልክፈል ያልሽውን ግን ለጊዜው ተይው። መጀመሪያ ራስሽ ሂጂና እይው። እንደደረስሽ ሞተሩን በመዳፍሽ ንኪው። ከሞቀ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል ማለት ነው። በብርድ እምቢ የሚል ሞተር አንዴ ከሞቀ ምንም ችግር ያለበት አይመስልም። ሌላ ቀን በጠዋት ተመለሺና ቀዝቃዛውን ያስነሳልሽ። የዘይት መለኪያውን መዘዝ አድርጊ፤ ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውሃ አግኝቶታል፣ ትተሽው ነይ። ስንት ሰዓት እንደሠራ በሚያሳየው ቆጣሪ አትተማመኚ፣ ይቀየራል። የፍሪሲዮኑን (የክላቹን) ፔዳል ግን እይ። ብዙ አልሠራም የተባለ ትራክተር ፔዳሉ በጫማ ተፍቆ ካለቀ ውሸት አለ።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን ከብረቱ ይልቅ ወረቀቱ ነው። አንቺ ትንሽ ሆነሽ ከሁለት ጎረቤቶች ጋር አንድ ትራክተር ከውጭ አስመጥተን ነበር። ኢንቮይሱ ላይ የሻንሲው ቁጥር መጨረሻ 3 ይላል፤ ብረቱ ላይ 8 ነው። በዚህች አንዲት ቁጥር ጉምሩክ ላይ አራት ወር ቆመ። የማቆያው ኪራይ በየቀኑ ይቆጥራል። ልናየው ስንሄድ የኋላ ጎማው ተሰነጣጥቆ ሥሩ ሣር በቅሏል። ክረምቱ አመለጠን፤ ያን ዓመት በበሬ አረስን።

ገንዘቡን እዚያ የምትከፍይው አንቺ ስለሆንሽ ዕቃው የሚገባው ከባንክ ምንዛሬ ሳይወሰድ ነው። ፍራንኮ ቫሉታ የሚሉት ነው፤ ፈቃዱ ደግሞ ቀድሞ መያዝ አለበት። ቀረጡም በግዢው ዋጋ ብቻ አይሰላም፣ የመርከቡና የኢንሹራንሱ ይጨመርበታል። ዶላሩ ከሐምሌ 2016 ወዲህ የት እንደደረሰ ታውቂያለሽ። ለእርሻ መሣሪያ የቀረጥ ነፃ መብት አለ ይሉኛል፤ ለአንድ ገበሬና ለአሮጌ ትራክተር ይሠራ እንደሆነ ሰኞ አዲስ አበባ ሄጄ በጽሑፍ አመጣለሁ። በቃል የተነገረኝን ይዤ አንቺን አላስከፍልሽም። ይህን ብር ሌሊት ፈረቃ እየገባሽ፣ አዛውንት እያገላበጥሽ ያጠራቀምሽው ነው። እሱን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሁሉም ከተስማማ ጎማው ተፈትቶ ኮንቴይነር ውስጥ ይግባ። ከመጫኑ በፊት በደንብ ይታጠብ፤ ከማረሻውና ከጎማው ጥርስ ውስጥ አፈር እንዳይቀር። የሰው አገር አፈር የሰው አገር አረም ይዞ ይመጣል። ሙጃን ከስንዴያችን ለማውጣት ስንት ዓመት እንደታገልን አይተሻል። ጅቡቲ ከደረሰ በኋላ ሞጆ ደረቅ ወደብ ድረስ ትራንዚተሩ (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚው) ይከታተለዋል፤ ከሞጆ እስከ አሰላ ያለው የእኔ ሥራ ነው።

አሁን ከአንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የሻንሲውን ቁጥር ፎቶ አንሺልኝ። ቁጥሩ እንዳያብረቀርቅ ጥላ አድርጊበት፣ ዝገት ካለውም በጨርቅ ጥረጊው። 3ቱ እና 8ቱ ለየብቻ ይታዩኝ።

አባትሽ