የማክሰኞ ቁርስም ይጻፍልን

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

ስለ ልዩ ልዩ አገሮች ቁርስ በተከታታይ የምታወጧቸውን ጽሑፎች ከመጀመሪያው ጀምሮ ሳላቋርጥ አንብቤአለሁ። በሆቴል የቁርስ ክፍል ለብዙ ዓመታት የሠራሁ ሰው በመሆኔ ጉዳዩን ከልብ እከታተለዋለሁ፤ ይህንንም ደብዳቤ የምጽፈው የጸሐፊዎቹን ድካም ለማሳነስ ሳይሆን አንድ የጎደለ ነገር እንዲሟላልን ለመጠየቅ ነው። ጽሑፎቹ እንግሊዛዊ ቋሊማና እንቁላል፣ ፈረንሳዊ ክሯሳን የተባለውን ጨረቃ መሳይ የቅቤ ዳቦ፣ ጃፓናዊ ሩዝና ዓሣ እንደሚበላ ይነግሩናል። ሐሰት አይደለም፤ ሆኖም አንባቢው የእነዚህ አገሮች ሰዎች በየቀኑ ይህንኑ እየበሉ ወደ ሥራ የሚወጡ ይመስለዋል። እያንዳንዱ አገር ቢያንስ ሁለት ቁርስ አለው፤ አንዱ ለእንግዳና ለዕረፍት ቀን የሚቀርበው ነው፣ ሌላው ደግሞ ማክሰኞ ጧት ሰዓት እየታየ የሚበላው። እስካሁን የተጻፈልን የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ይህን ልዩነት ያስተማረኝ አንድ እንግዳ ነው። በሠራሁበት ሆቴል ለጃፓን እንግዶች ብለን ነጭ ሩዝ፣ ከተብላላ አኩሪ አተር የሚዘጋጀውን የሚሶ ሾርባ፣ የተጠበሰ ዓሣና በጨው የተያዘ አትክልት ከንጋት በፊት ተነሥተን እናሰናዳ ነበር። አንድ ቀን አንድ አዛውንት ጃፓናዊ ያን ሁሉ አልፈው ሁለት ቁራጭ የተጠበሰ ዳቦና ቡና ብቻ ይዘው ተቀመጡ። ምግቡ ያልጣማቸው መስሎኝ በአክብሮት ብጠይቃቸው፣ ቤታቸውም የሚበሉት ይህንኑ እንደሆነ ነገሩኝ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ ስንዴ የተጋገረ ዳቦ ከወተት ጋር ለጃፓን ተማሪዎች በምሳ ሰዓት ይታደል እንደነበር፣ በዚያ የተጀመረውም ልማድ ወደ ቤት ገብቶ ዛሬ በብዙ የጃፓን ቤተሰብ ጧት ዳቦ እንደሚቀርብ ኋላ ላይ ተረዳሁ። የሩዙ ቁርስ አልጠፋም፤ ዳር ዳሩን ግን ሌላ ቁርስ ተተክሏል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንግዶችን «ማክሰኞ ጧት ቤትዎ ምን ይበላሉ?» ብዬ መጠየቅና መልሳቸውን በደብተር መመዝገብ ልማዴ ሆነ።

እንግሊዛውያኑ ቋሊማው፣ ቤከን የሚባለው በጨው የተያዘ የአሳማ ሥጋና ባቄላው የቅዳሜና የእሑድ መሆኑን፣ በሥራ ቀን ግን የተጠበሰ ዳቦ ወይም ወተት የፈሰሰበት ኮርንፍሌክስ የተባለ የበቆሎ ቅርፊት እንደሚበቃቸው ይነግሩኝ ነበር። ፈረንሳውያንም ክሯሳኑን ለእሑድ ያቆዩታል፤ በሌላው ቀን በቅቤና በማርማላታ የተቀባ ዳቦ በቡና እያጠቀሱ ይበላሉ። ክሯሳኑ ራሱ «ኪፕፈርል» ከተባለው የኦስትሪያ ዳቦ የተወለደና በ1830ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ውስጥ በተከፈተ የቪየና ዳቦ ቤት አማካይነት የታወቀ መሆኑን ስናስብ፣ «ጥንታዊ የፈረንሳይ ቁርስ» የሚለውን አባባል ስንጽፍ ጥቂት ቆም ማለት ይገባናል።

የቁርስ ስሞችም ትኩረት ይገባቸዋል። የእኛው ቃል ከመቁረስ የመጣ ነው፤ ጀርመኖችም «ፍሩሽቱክ» ሲሉ የማለዳ ቁራሽ ማለታቸው ነው፤ እንግሊዝኛው «ብሬክፋስት»ና ስፓኒሹ «ዴሳዩኖ» ደግሞ የሌሊቱን ጾም መፍታትን ያመለክታሉ። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የቱርኮች «ካህቫልቲ» ነው። ትርጉሙ ከቡና በፊት የሚበላ ማለት ሲሆን፣ በዛሬው የቱርክ ቁርስ ገበታ ላይ የሚቀዳው ግን ሻይ ነው። የኦስማን መንግሥት ሲፈርስ ቡና ይመጣበት የነበረው የመን ከእጅ ወጣ፤ ቡናም በውጭ ገንዘብ የሚገዛ ውድ ዕቃ ሆነ፤ አዲሱ ሪፐብሊክ በጥቁር ባሕር ዳርቻ በሪዜ ሻይ እንዲተከል አደረገ፣ የመጀመሪያውም የሻይ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1947 በዚያው ሥራ ጀመረ። ስሙ ስለ ቡና ይናገራል፣ ብርጭቆው ሻይ ይዟል። ቱሪስት የሚያውቀው በዓይነት በዓይነቱ አይብ፣ ወይራ፣ ማርና ክሬም የሞላበት ሰፊ ገበታ ቤተሰብ ተሰብስቦ ሲውል የሚዘረጋ ነው፤ ወደ ሥራ የሚቸኩለው የኢስታንቡል ሰው ሰሊጥ የተነሰነሰበትን ቀለበት መሳይ ዳቦ፣ ሲሚትን፣ ከሻይ ጋር ይዞ በጀልባ ላይ ይበላል።

ደብተሬን መለስ ብዬ ሳነብ ያስተዋልሁት ሌላው ነገር የዘወትር ቁርስ በአብዛኛው የሚጀምረው በዋዜማው ማታ መሆኑን ነው። በሜክሲኮ ቶርቲያ የተባለው የበቆሎ ቂጣ ከትናንት ደርቆ ሲያድር ተቆራርጦና ተጠብሶ በቃሪያ ስጎ ሲርስ ቺላኪሌስ ይሆናል። በኮስታሪካና በኒካራጓ ከእራት የተረፈው ሩዝና ቦሎቄ አንድ ላይ ተጠብሶ «ጋዮ ፒንቶ» ተብሎ ይቀርባል። ፊሊፒናውያን ያደረውን ሩዝ በነጭ ሽንኩርት ጠብሰው ከእንቁላል ጋር ይበላሉ፤ ትኩስ ሩዝ ስለሚጣበቅ ለዚህ ሥራ ያደረው ይመረጣል። እነዚህ ምግቦች ዛሬ የየአገሩ ኩራት ሆነዋል፤ የፈጠራቸው ግን ምግብ እንዳይጣል የተጨነቀ የወጥ ቤት ብልኃት ነው።

ተርፎ ያደረ ምግብ ብቻም አይደለም፤ ሆን ተብሎ የሚያድርም አለ። የግብፁ ፉል መዳመስ ባቄላው አንገተ ጠባብ በሆነ ማሰሮ ሌሊቱን በዝግታ ሲበስል አድሮ፣ ጧት በዘይት፣ በሎሚና በከሙን ይታሻል። በደቡብ ሕንድ ኢድሊ ለተባለው ለስላሳ ዳቦ የሚሆነው ሩዝና ኡራድ የተባለው ጥራጥሬ ቀን ተዘፍዝፎ፣ ማታ ተፈጭቶ፣ ሌሊት ቦክቶ፣ ንጋት ላይ በእንፋሎት ይበስላል። ሙቀቱ ሲቀንስ ሊጡ ዘግይቶ ስለሚነሣ፣ ቤቱን የምታስተዳድረው ሴት የአየሩን ጠባይ ሳታውቅ መተኛት አትችልም። ናይጄሪያም ብትሄዱ ከተፈጨ አደንጓሬ ተጠብሶ የሚወጣው አካራና አጋሩ የሆነው የቦካ የበቆሎ አጥሚት ለብዙ ሰዓታት መዘፍዘፍን ይጠይቃሉ። አካራ በባርነት የተጋዙ ሰዎች ይዘውት አትላንቲክን ተሻግሮ በብራዚሏ ባሂያ «አካራጄ» ተብሎ እስከ ዛሬ በዘንባባ ዘይት ይጠበሳል። የጃማይካው ብሔራዊ ምግብ የሆነው፣ አኪ ከተባለ ፍሬና ከጨው ዓሣ የሚሠራው ምግብም ታሪኩ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ ፍሬው ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ፣ ዓሣው ደግሞ ከሰሜን አትላንቲክ እየተጫነ ለባሮች ቀለብ ይሰጥ የነበረ ነው። ስለዚህ ገበታ ሲጻፍ ስለ ጣዕሙ ብቻ ተናግሮ ማለፍ ከበሉትና ካበሰሉት ሰዎች ታሪክ ግማሹን መሰረዝ ነው ብዬ አምናለሁ።

«የቻይና ቁርስ»፣ «የሕንድ ቁርስ» የሚል ርእስ ሳይም ቅር ይለኛል። በሰሜን ቻይና በዘይት የተጠበሰ ረጅም ሊጥ ከአኩሪ አተር ወተት ጋር ይበላል፤ የዉሃን ሰዎች ከመንገድ ዳር በሰሊጥ ቅባት የተለወሰ ትኩስ ኑድል ገዝተው ቆመው እየበሉ ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። ፑንጃብ ፓራታ የተባለውን ቂጣ ሲጋግር የኢንዶር ከተማ ደግሞ ጠፍጣፋ ሩዝ በቅመም ያበስላል። ኢድሊን ከነዚህ ጋር በአንድ ስም መጥራት የሕንድን ሰው የሚያስቀይም ይመስለኛል።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ነጥብ ልምጣ፤ ይህ ጋዜጣን እንደ ጋዜጣ የሚመለከት ነው። ባሕል ብለን የምንጠራው ቁርስ አንዳንዱ በሐኪም ቤትና በማስታወቂያ ቢሮ የተሠራ ነው። ኮርንፍሌክስ የወጣው ጆን ሃርቪ ኬሎግ የተባለው ሐኪም በአሜሪካ በሚሺገን ግዛት በባትል ክሪክ ይመራው ከነበረው የሕሙማን ማረፊያ ነው፤ ወንድሙ ዊል ኪት ኬሎግ እ.ኤ.አ. በ1906 ኩባንያ አቋቁሞ ለገበያ አቀረበው። በስዊዘርላንድም ማክሲሚሊያን ቢርሸር ቤነር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ ለሕሙማኑ ባዘጋጀው ሙዝሊ በተባለው ምግብ ውስጥ ዋናው የተፈገፈገ ፖም ነበር፤ አጃው በማንኪያ የሚለካ ጥቂት ነገር ነው፤ የዛሬው የፋብሪካ ካርቶን ግን ይህን ገልብጦታል።

እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ደግሞ ኤድዋርድ በርኔይስ የተባለውን አሜሪካዊ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ቤከን የሚሸጥ ኩባንያ ቀጠረው። በርኔይስ ቤከን ግዙ ብሎ ማስታወቂያ አላወጣም። አንድ ሐኪም ጠንከር ያለ ቁርስ ለጤና ይሻላል እንዲል አድርጎ፣ ያን ሐሳብ ይደግፉ እንደሆነ በሺዎች ለሚቆጠሩ ሐኪሞች ደብዳቤ አስላከ፤ የብዙዎቹ መልስ «እንደግፋለን» የሚል ሆነ፤ ጋዜጦችም ይህን እንደ ዜና አተሙት። ቤከንና እንቁላል «የአሜሪካ ቁርስ» ተብሎ እንዲጸና ትልቅ ድርሻ ካላቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ጋዜጠኞቹ ዋሽተዋል አልልም፤ ሐኪሞቹም የመሰላቸውን ነው የመለሱት። ጥያቄውን ማን እንዳስጠየቀ የጠየቀ አልነበረም እንጂ። «ከሁሉ የሚበልጠው ምግብ ቁርስ ነው» የሚለውን አነጋገር የእናንተም ጸሐፊዎች ሁለት ጊዜ ያለ ማብራሪያ ስለተጠቀሙበት ይህን ማንሣት ግዴታዬ ሆኖ ተሰምቶኛል፤ ይህ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1917 የወጣው ያው ሐኪም ኬሎግ ያዘጋጀው በነበረ መጽሔት ላይ ነው።

እንዴት ይጻፍ ለምትሉኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ዩኔስኮ የማሌዥያን የቁርስ ባሕል በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍር የሄደበትን መንገድ መመልከት ይጠቅማል። የተመዘገበው አንድ ሳህን አይደለም። በኮኮናት ወተት የተቀቀለው ሩዝ ናሲ ለማክ፣ ከሕንድ የመጡ ሙስሊሞች ያስለመዱት ቂጣ ሮቲ ቻናይ፣ ከፍ እያለ የሚቀዳው «ተህ ታሪክ» የተባለ የወተት ሻይ፣ ደግሞም ማላዩ፣ ቻይናዊውና ሕንዳዊው በአንድ ሻይ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠው መብላታቸው አብሮ ነው የሰፈረው።

ስለዚህ ለዓምዱ ጸሐፊዎች የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፦ ምግቡ በየትኛው ቀን እንደሚበላ፣ ማን በስንት ሰዓት ተነሥቶ እንደሚያዘጋጀው፣ ከማታው ምን እንደተረፈ ወይም ምን እንደተዘፈዘፈ አብራችሁ ንገሩን። የእንግዶቼን መልስ የመዘገብሁበት ደብተር እስከ አሁን በእጄ ይገኛል፤ ስማቸው የሌለበት በመሆኑ፣ ለሥራችሁ ይጠቅማል ካላችሁ በደስታ አውሳችኋለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ