መድረሻውን ብቻ ሳይሆን መንገድ ዳር ያለውንም ጻፉልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የጉዞ ዓምዳችሁን አነባለሁ፣ እወደዋለሁም። ግን አንድ ቅሬታ አለኝ፣ አትቀየሙኝ። ሁሌ የምትጽፉት ስለ መድረሻ ነው። ትልቁ ሙዚየም፣ ዝነኛው ፏፏቴ፣ ዓለም ሁሉ ፎቶ የተነሳበት ድልድይ። በመኪና ረጅም መንገድ የሄደ ሰው ግን ሲመለስ ስለ ሙዚየሙ ብዙም አያወራም። «መንገድ ላይ ምን ብናይ ጥሩ ነው!» ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔም የምጽፍላችሁ ስለዚያ ጉድ ነው።

አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ግሩም የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እሷ አካባቢ አውራ ጎዳናው ዳር የውሃ ታንከር የተሸከመ የብረት ማማ ቆሟል። ቆሟል ማለት እንኳ ይከብዳል፣ ተንጋዷል። የአንድ ወገን እግሮቹ መሬት አይነኩም፣ አየር ላይ ተንጠልጥለዋል። ራልፍ ብሪተን የሚባል ሰው ነው ሆን ብሎ አዛብቶ የተከለው። ሰውየው እዚያው የከባድ መኪና ሹፌሮች ማረፊያ ነበረው። ሹፌሩ ማማውን ከሩቅ ያየዋል፣ ይደነግጣል፣ «ኧረ ይሄ ነገር ሊወድቅ ነው!» ለማለት ታጥፎ ይገባል። ከገባ በኋላማ ማን ባዶ እጁን ይወጣል? ከዚህ በላይ ማስታወቂያ አላውቅም።

«ይሄማ ሰው ማጥመጃ ነው» የሚሉ አሉ። አዎ፣ ነው! አብዛኛው የመንገድ ዳር ጉድ የተሠራው መኪና ለማስቆም ነው። አዲስ መንገድ አንዲትን ከተማ ገሸሽ አድርጎ ካለፈ ሱቁም ሆቴሉም ጾሙን ያድራል፣ ስለዚህ የከተማው ሰው አንድ ነገር መላ ማለት አለበት። ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ያለችው ዋዋ የደረሰባት ይሄ ነው። በ1960 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ትራንስ ካናዳ አውራ ጎዳና የከተማዋን መሀል ሳይነካ በጎን አለፈ። እነሱም መታጠፊያው ላይ 8.5 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው ዝይ አቆሙ። የመጀመሪያው ከጄሶ የተሠራ ስለነበር ብርዱንና ዝናቡን አልቻለውም፣ በ1963 በብረት ተኩት። ከተማዋ ዛሬም የምትታወቀው በዝይዋ ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን የፋርማሲው ታሪክ ነው። ቴድ ሀስቴድ በ1931 አሜሪካ፣ ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ ዎል በምትባል ጭር ያለች ከተማ አንድ ፋርማሲ ገዛ። ዓመታት አለፉ፣ ገበያ የለም። በ1936 በጋ ላይ ሚስቱ ዶሮቲ ጋደም ልትል ብትሞክር የሚያልፉት መኪኖች ድምፅ እንቅልፍ ነሳት። ሌላ ሰው ቢሆን መኪኖቹን ይራገም ነበር። እሷ ግን አሰበች፦ እነዚህ ሁሉ ሰዎች በዚህ ሙቀት ጠምቷቸዋል፣ ታዲያ በረዶ የገባበት ውሃ በነፃ እንሰጣለን ብለን ለምን መንገድ ላይ አንጽፍም? ጻፉ። ባልየው ሰሌዳዎቹን ተክሎ ሳይመለስ ደንበኛ ደርሶ ነበር ይባላል። ያ ፋርማሲ ዛሬ ሰፈር የሚያህል የገበያ ቦታ ሆኗል፣ ውሃው አሁንም በነፃ ነው።

ሁሉም ግን ለገበያ አይደለም። አንዳንዱ የግትርነት ውጤት ነው፣ እኔን የሚገርመኝም ይሄኛው ወገን ነው። ሚኔሶታ፣ ዳርዊን ውስጥ ፍራንሲስ ጆንሰን የሚባል ሰው በ1950 ሲባጎ መጠቅለል ጀመረ። ለምን? እንጃ። ለ29 ዓመት ጠቀለለ። ኳሱ ሲከብድ የባቡር ሐዲድ ክሪክ እያስገባ ያነሳና ከስር ይጠቀልል ነበር። ሲያበቃ ወደ 8 ቶን ይመዝን ነበር። ይሄኔ ካንሳስ፣ ኮከር ሲቲ ውስጥ ደግሞ ፍራንክ ስቶበር የሚባል ገበሬ በ1953 የራሱን ጀምሮ ነበር። እሱ ካለፈ በኋላም የከተማው ሰው አላቆመም፣ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ተሰብስበው ይጠቀልላሉ። ስለዚህ የዳርዊን ሰዎች «የእኛ አንድ ሰው ብቻውን የጠቀለለው ትልቁ ነው» ይላሉ፣ ኮከሮቹ ደግሞ «የእኛ ገና እያደገ ነው»። በሲባጎ እንዲህ መፎካከር! እኔ በበኩሌ ለዳርዊን ነኝ፣ ብቻውን የለፋ ሰው ያሳዝነኛል።

ቴክሳስ ውስጥ አማሪሎ ከተማ አጠገብ ያሉትን 10 ካዲላክ መኪኖች ብዙ ሰው በፎቶ ያውቃቸዋል። በ1974 በአፍንጫቸው ማሳ ውስጥ የተተከሉ ናቸው። ፎቶው የማይነግራችሁ ነገር ቀለሙን ነው። የመጣ ሁሉ በስፕሬይ የፈለገውን ይጽፍበታል፣ ቀጣዩ መጥቶ በላዩ ይቀባል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ቀለሙ እንደ ቅርፊት ወፍሮ የመኪናው ጠርዝ ሁሉ ደብዝዟል። የጻፋችሁት ነገር በማግስቱ ላይኖር ይችላል። ብቻ ባዶ ቆርቆሮውን እዚያ ጥላችሁ አትሂዱ።

ከአሜሪካ ውጭም ሞልቷል። ስፔን ውስጥ ኮረብታ ላይ የሚታየው ጥቁር ኮርማ 14 ሜትር ይረዝማል። ሲጀመር የኦስቦርን መጠጥ ማስታወቂያ ነበር። በ1988 የመንገድ ዳር ማስታወቂያ በሕግ ሲከለከል ጽሑፉን በጥቁር ቀቡት፣ ኮርማው ብቻ ቀረ። በኋላ ይነሳ ሲባል ሕዝቡ አይሆንም አለ፣ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1997 ይቆይ ተባለ። ቺሊ ውስጥ ደግሞ አታካማ በረሃን ስታቋርጡ፣ ከአንቶፋጋስታ ከተማ በስተደቡብ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ 11 ሜትር የሚሆን እጅ ከአሸዋው ውስጥ ወጥቶ ይጠብቃችኋል። የቀራፂው ማሪዮ ኢራራዛባል ሥራ ነው፣ በ1992 የቆመ። አካባቢው ወና ስለሆነ ምንም የሚሸጥላችሁ የለም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ስለ እነዚህ ነገሮች ስትጽፉ «መታየት ያለባቸው 10 ቦታዎች» እያላችሁ አታስጨንቁን። ለሲባጎ ኳስ ብሎ ቀኑን ሙሉ የሚነዳ ሰው መናደዱ አይቀርም። እነዚህ የ20 ደቂቃ ነገሮች ናቸው። ሹፌር በየሁለት ሰዓቱ ማረፍ አለበት አይደል? እንግዲህ ማረፉ ካልቀረ፣ ነዳጅ ማደያ ጥግ ቆሞ ስልክ ከመነካካት ተንጋዶ የቆመ ማማ ማየት አይሻልም? ልጆች ኋላ ከተቀመጡማ «ገና ነው? ገና ነው?» የሚለውን ጭቅጭቅ የሚያበርድ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

እና የምንፈልገው መረጃ ቀላል ነው። ከዋናው መንገድ ምን ያህል ያስወጣል? መኪና ማቆሚያ አለው ወይስ የመንገዱ ትከሻ ላይ ነው የሚቆመው? (ትከሻ ላይ ከሆነ ይቅርብን፣ ፈጣን መንገድ ላይ ለሰልፊ ብሎ መቆም እብደት ነው።) ቦታው የግለሰብ ግቢ ከሆነም ንገሩን፣ አጥር ዘለን እንዳንገባ። ማታ ይታያል? በክረምት ይዘጋል? መታጠፊያው ሳይታወቅ የሚያመልጥ ከሆነ ከፊቱ ያለውን ምልክት ጻፉልን፣ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ ሰው ወደ ኋላ አይመለስም።

በሳምንት አንድ ቦታ ይበቃናል። የዓምዱ ጥግ ላይ ጥቂት መስመር፣ አንድ ፎቶ። አንባቢውም ያየውን ይላክላችሁ፣ እናንተ አጣርታችሁ አውጡት። እኔ ከላይ የጻፍኩላችሁን እንደ መጀመሪያ መዋጮ ቁጠሩት።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የጉዞ ዓምድ አንባቢ