ራጂ ሲመረጥ ውፍረቱ ብቻ አይታይ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ብስክሌት ጥገና በወጣው ጽሑፍ ላይ፣ የኋላ ጎማው ራጂ (የጎማውን መሐልና ዙሪያ የሚያያይዘው ቀጭን ዘንግ) ቶሎ ቶሎ የሚሰበርበት ሰው ሁሉንም አውልቆ በወፍራም ራጂ እንዲያስለውጥ የሚመክር አንቀጽ አነበብኩ። ጸሐፊው ለጉዳዩ ትኩረት መስጠታቸው የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ ምክሩ እኔንም ለረጅም ጊዜ ያሳሳተኝ በመሆኑ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ራጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው ክብደት ስለበዛበት ሳይሆን፣ ደጋግሞ እንደሚታጠፍ ሽቦ ብረቱ ደክሞ ነው። ጎማው በዞረ ቁጥር ወደ መሬት የዞረው የቸርኬ (ላስቲኩ የሚገባበት ክብ ጠርዝ) ክፍል በጥቂቱ ወደ ውስጥ ስለሚገባ፣ ከሥር ያሉት ራጂዎች ለቅጽበት ላልተው መልሰው ይወጠራሉ፤ ይህም በአንድ ኪሎ ሜትር ጉዞ ውስጥ ከ450 ጊዜ በላይ ይደጋገማል። በመጀመሪያ የሠራሁት የኋላ ጎማ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ራጂዎች የገቡበት ነበር። ሦስት ራጂዎች ተራ በተራ ተሰበሩ፤ ሦስቱም በግራ በኩል፣ ሦስቱም ሞዞው (የጎማው እምብርት) ውስጥ በሚገባው የታጠፈ አንገታቸው ላይ። የአንዱን ስብራት ብርሃን ላይ ይዤ ስመለከተው ግማሹ የጠቆረና የለሰለሰ፣ ግማሹ ደግሞ ገና የሚያብረቀርቅ ነበር፤ ስንጥቁ ሳይታወቀኝ ቆይቶ ኖሯል።

መፍትሔው ጫፍና ጫፉ 2፣ መሐሉ ግን 1.8 ወይም 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነውን ራጂ መምረጥ ነው። መሐሉ የቀጠነ ራጂ ደካማ ቢመስልም፣ እኩል ሲወጠር ከወፍራሙ የበለጠ ይለጠጣል፤ የ1.5ቱ መሐል ከ2ቱ ጋር ሲነጻጸር ወደ 1.8 እጥፍ ይጠጋል። በመሆኑም ቸርኬው ወደ ውስጥ ሲገባ ወፍራሙ ፈጥኖ ሲላላ፣ ቀጭኑ ግን ውጥረቱን ጨርሶ አይለቅም፤ ጫናውንም ለጎረቤቶቹ ያካፍላል፣ አንገቱም በዚያው መጠን ያርፋል።

ግራው በኩል ይህ ይበልጥ የሚያስፈልገው ያለ ምክንያት አይደለም። በቀኝ በኩል ካቴናው የሚዞርባቸው ጥርሶች ቦታ ስለሚይዙ፣ የቀኝ ራጂዎች ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ቸርኬው መሐል እንዲቀመጥም የእነርሱ ውጥረት ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 120 ኪሎ ግራም ሲደርስ፣ የግራዎቹ ከዚያ ግማሽ ወይም ጥቂት ከፍ ብሎ ይቀራል። ስለዚህ እኔ ቀኙን መሐሉ 1.8 በሆነው፣ ግራውን በ1.5ቱ እሠራለሁ። በዚያው ሞዞና በዚያው ቸርኬ ላይ በዚህ መንገድ የሠራሁት ጎማ እስካሁን አንድም ራጂ አልሰበረም።

ቀጭኑ ራጂ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ራጂውን ቸርኬው ላይ የሚያስረውን ዳዶ በቁልፍ ስናጠብቅ ራጂው ራሱ አብሮ ስለሚጠመዘዝ፣ ዳዶው የሚገባበትን የራጂውን ጥርስ አስቀድሞ በዘይት ማራስ፣ ከተፈለገው ትንሽ አሳልፎ አጥብቆ መልሶ ማላላት ያስፈልጋል። ከዚያም ጎን ለጎን ያሉትን ራጂዎች ጥንድ ጥንድ አድርጎ በእጅ አጥብቆ መጭመቅ ይገባል፤ ይህን የሚዘል ሠራተኛ የመረጠው ራጂ ጥቅም ይቀንስበታል። ከባድ ዕቃ ለሚጭን ሰውም ቢሆን፣ ራጂውን ከማወፈር በፊት ባለ 36 ቀዳዳ ሞዞና ቸርኬ መምረጥን አስቀድማለሁ።

ርዝመቱን በተመለከተ፣ የሞዞውንና የቸርኬውን ስፋት ሳይለኩ በግምት መግዛት አይገባም፤ የ2 ሚሊ ሜትር ስሕተት እንኳ ራጂውን ከዳዶው አሳልፎ ሊያወጣው ወይም ጥርሱን ሳያስይዝ ሊያስቀረው ይችላል።

ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው አንባቢ ወፍራም ራጂ ከመግዛቱ በፊት የግራውን ውጥረት እንዲፈትሽ ቢያሳስቡልን ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ