አባዬ፣ ቦታውን አትሽጥ

ሰላም አባዬ፣ እንዴት ከረምክ? የላክልኝን፣ የደከመ ልብ በሴል መርፌ አድናለሁ የሚለውን ሰውዬ ቪዲዮ አየሁት። አንዴ በንዴት፣ አንዴ ደግሞ ረጋ ብዬ። ለመርፌው ብለህ የጓሮውን ቦታ ልትሸጥ እንዳሰብክ ወንድሜ ነግሮኛል፣ እሱን እንዳትቆጣው።

እኔ አትሽጥ ነው የምለው። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ያን ጊዜ ሃርት አታኩ ሲይዝህ የሞተው የልብ ጡንቻ ተመልሶ አይበቅልም። ቦታውን ጠባሳ ይይዘዋል፣ ጠባሳ ደግሞ ደም አይገፋም። በ25 ዓመቱ እንኳ ሰው በዓመት የሚተካው የልብ ጡንቻ ሴል 1 በመቶ ገደማ ነው፣ በ75 ዓመቱ ከዚያም ግማሽ አይሞላም። እግርህ የሚያብጠውም፣ ደረጃ ስትወጣ የሚያፍንህም በዚሁ ነው። ስለዚህ አዲስ ጡንቻ እንጨምርበት የሚለው ሐሳብ ቅዠት አይደለም።

እዚሁ ጀርመን፣ ጎቲንገን ውስጥ ይሠሩታል። ጃፓናዊው ሳይንቲስት ያማናካ በ2012 ኖቤል ያገኘበትን ዘዴ ተጠቅመው የአዋቂ ሰው ሴል ወደ መነሻው ይመልሱና የልብ ጡንቻ ያደርጉታል። ሳህን ላይ ራሱ መምታት ይጀምራል፣ አባዬ! ከዚያ እንደ ጨርቅ እራፊ ልቡ ላይ ይሰፉታል። የ46 ዓመት ሴት ላይ ሰፍተውላት ነበር። ከ3 ወር በኋላ ሌላ ልብ ተገኝቶ ሲተካላት አሮጌውን ልብ መረመሩት፣ እራፊው በሕይወት አለ፣ የደም ሥርም ገብቶበታል። በ2025 ጥናቱ ወጣ። ግን ገና ሙከራ ነው። ሴሉ የሌላ ሰው ስለሆነ ሰውነት እንዳይጥለው ሌላ ከባድ መድኃኒት ይሰጣል፣ የልብ ምት እንዳይዛባም ይሰጋሉ።

የቪዲዮው ሰውዬ የሚሸጠው ይሄንን መሰለህ? እሱ ከሆድህ ስብ ሴል ወስጄ በደም ሥር እሰጥሃለሁ ነው የሚለው። ያ ሴል የልብ ጡንቻ አይሆንም። ከሌላ ሰው መቅኔ የተወሰደ ሴል በቀጥታ ልብ ውስጥ እየተወጋ ከ500 በላይ በሽተኞች ላይ የተሞከረበት ትልቅ ጥናት እንኳ በ2023 ሲታተም፣ ዋናው ተስፋ፣ ማለትም በልብ ድካም ተመላልሶ ሆስፒታል መግባትን መቀነስ፣ አልተሳካም። ሃርት አታክና ስትሮክ ቀንሶ ታይቷል፣ እሱ ገና ይጣራል። ደግሞ በዚህ ዘርፍ ማጭበርበርም አለ፤ በሃርቫርድ የልብ ሴል ተመራማሪ የነበረው የፒየሮ አንቬርሳ 31 ጽሑፎች ከመጽሔት እንዲነሱ ሃርቫርድ ራሱ በ2018 ጠይቋል። ሃርቫርድ ላይ እንዲህ ከሆነ በቴሌግራም ብር የሚቀበለውን አስበው። እውነተኛ ሙከራ በሽተኛውን ቦታ አያሸጥም።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ። ለቅሶ ቤት ስትሄድ ሽንት ያስቸግረኛል ብለህ ላሲክሱን፣ ማለትም ውሃ የሚያስወጣውን ክኒን፣ እንደምትዘለው ሰምቻለሁ። ተመልሰህም ቢሆን ዋጠው እንጂ አትዝለለው። ጾም ሲገባ ደግሞ ሰዓቱን ከሐኪምህ ጋር ተነጋገርበት፣ በራስህ አታዛውረው። ጠዋት ሽንት ቤት ደርሰህ፣ ምንም ሳትቀምስ ተመዘን። በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመርክ ውሃ ነው፣ ያኔውኑ ለሐኪምህ ደውል። ዳፓግሊፍሎዚን የሚባል ክኒንም አለ፣ ለስኳር ነበር የሚሰጠው፣ ለልብ ድካምም እንደሚረዳ በ2019 ተረጋግጧል። ለእኔ ይሆናል ወይ ብለህ ጠይቀው።

የምትውጣቸውን ክኒኖች በሙሉ ካርቶናቸው እንዲታይ ወንድሜ ፎቶ አንስቶ ዛሬውኑ ይላክልኝ። እሁድ እደውላለሁ።

ልጅህ