ሳይክሌን የት አስሬ ላቁማት?

ሰላም አዘጋጆች፣ መኪና የለኝም፣ ኖሮኝም አያውቅ። ቤቴ አያት ነው ሥራዬ ሜክሲኮ፣ ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ጠዋት እስከ ጣቢያው በሳይክል ከዛ በባቡር ነው የምሄደው። ግፊያው አለ፣ ግን መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ያመሸ ሰው ግፊያውን ይመርጣል ባይ ነኝ። ሳይክሏን ጎሚስታ ቤት አስቀምጣለሁ፣ ልጁ ሳንቲም አይቀበለኝም፣ ጎማዋንም ሳልጠይቀው ይነፋልኛል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ሙሉውን በሳይክል ነው፣ በኮሪደር ልማቱ የሳይክል መንገድ ስለተሠራ ደስ ብሎኛል፣ መኪና ካልቆመበት ማለቴ ነው። ባለፈው አንድ ሕንፃ ጉዳይ ነበረኝና ቀኝ የሱሪዬን እግር ካልሲ ውስጥ እንደከተትኩ (ካቴናው እንዳይበላው) በር ላይ ስደርስ ጥበቃው «ወንድሜ ሳይክል ማቆም ክልክል ነው» አለኝ። ስንከራከር ከኋላዬ ላንድክሩዘር መጣ፣ በሩን ከፍቶ ሰላምታ ሰጥቶ አስገባው! ለኔ እኮ የመብራት ምሰሶ ትበቃኝ ነበር።

መንገዱ ከተሠራ አይቀር በየሕንፃውና በየባቡር ጣቢያው ሳይክል የሚታሰርበት አንድ አንድ ብረት ይተከልልን።

ሳይክለኛው፣ ከአያት