የሎደሯ መጥረጊያ ሰርቪስ ቅዳሜ ነው

ሰላም ጓዶች፣ የትንሿን ሎደር መጥረጊያ (ፊቷ ላይ የሚገጠመውን የሚሽከረከር ብሩሽ) ቅዳሜ ጠዋት 2፡30 ጋራዥ ውስጥ እንፈታዋለን። ኦፕሬተሮች በሙሉ ብትገኙ ደስ ይለኛል። ትናንት ጎንበስ ብዬ ሳየው የማዳበሪያ ገመድና ፌስታል ተጠምጥሞ ኩሽኔታው ጋ ደርሷል፣ ብሩሹም በግራ በኩል ብቻ አልቋል፤ ሚዛኑን ሳናስተካክል መሬት ላይ እየተጫንነው ስለምንጠርግ ነው፣ መንካት ያለበት ጫፉ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሞተር ይጠፋል፣ የሃይድሮሊክ ግፊቱም ይለቀቃል። የሚያፈስ የሃይድሮሊክ ቱቦ በእጅ እንዳትፈልጉ፣ ዘይቱ ቆዳ በስቶ ይገባል! ካርቶን አስጠጉበት። ጓንት፣ መነጽርና ቢላ ያዙ፣ ግራሶ እኔ አመጣለሁ።

ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ መጥረጊያውን ስታቆሙት ብሩሹ ላይ አታሳርፉት፣ በማቆሚያ እግሩ ይቁም፤ ፀጉሩ አንዴ ከታጠፈ ቀጥ አይልም።

ብሩሹን ሙሉውን እንቀይር ወይስ ያለቀውን ብቻ? እኔ ሙሉውን ባይ ነኝ። እስከ ሐሙስ ማታ ሐሳባችሁንና መምጣት አለመምጣታችሁን እዚሁ ጻፉልኝ።