ክረምት ሲገባ ካሜራህን አትስቀል

ባሕር ዳር፣ ግንቦት

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። መጠፋፋታችን የሁለታችንም ስለሆነ መወቃቀሱን እንተወው። ወሬህን ግን ከሰው ከሰው እሰማለሁ፤ ካሜራ ገዝተህ የሠርግ ፎቶውን ትተህ ዛፍ ማንሳት ጀምረሃል፣ ጣና ዙሪያም ዓመት ሙሉ ልትሠራ አስበሃል አሉኝ። ይህ ደስ ይላል። ብዕር ያስነሳኝ ግን "ጥቅምት ገብቼ ግንቦት እጨርሳለሁ፣ ክረምቱ ዝናብ ነው" ማለትህ ነው። ይህን ዕቅድ ገልብጠው። ለዛፍ ከሆነ የዚህ አገር ዋናው ወቅት ክረምቱ ነው።

በበጋ ሰማዩ ጥርግ ይላል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ድረስ የላይኛው ቅጠል ነጥቶ ከሥሩ ያለው ጥላ ይጠቁራል፤ አንዱን ስታድን ሌላው ይጠፋብሃል። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ብርሃኑን በትኖ ከየአቅጣጫው ስለሚያወርደው ከዘውዱ እስከ ሥሩ ያለው ሁሉ በአንድ ፎቶ ይገባል። ግንዱም ሲርስ መልኩ ይለወጣል። በበጋ አመድማ ሆኖ የከረመ ዋርካ ከዝናብ በኋላ እየጠቆረ ሽበሽቡና ጠባሳው አንድ በአንድ ይታያል። ውሃ ዳር የምታገኘው ባምባ ቢጫ ቅርፊቱ የሚደምቀው ያኔ ነው።

ለዚህ ሥራ አንድ ነገር ብቻ ልግዛ ብትለኝ ፖላራይዘር ፊልተር እልሃለሁ፤ ሌንሱ ፊት የሚገጠም፣ ነጸብራቅ የሚቀንስ መስታወት ነው። ብዙ ሰው ሰማይ ለማሰማመር ብቻ ይመስለዋል። እርጥብ ቅጠል ነጩን ሰማይ መልሶ ስለሚያንጸባርቅ አረንጓዴው ይገረጣል፤ ፊልተሩን በቀስታ ስታዞረው ንጣቱ ይነሳና የቅጠሉ እውነተኛ ቀለም ይመጣል። በደመናም ይሠራል። ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ስቶፕ ብርሃን እንደሚበላብህ ግን አስብ፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በግማሽ ሲቀንስ ወይም በእጥፍ ሲጨምር ነው። ጥርት ባለ ቀን ከ24 ሚሊ ሜትር በታች በሆነ ሰፊ ሌንስ አትጠቀምበት፤ ሰማዩ ግማሹ ጠቁሮ ግማሹ ነጥቶ ይወጣል።

የክረምቱ ጠላት ነጭ ሰማይ ነው። ቅርንጫፉ በነጭ ሰማይ ላይ ሲያርፍ ቀጫጭኑ ጫፍ ተበልቶ ይጠፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሰማይ አታስገባ። ዛፉን ከኮረብታ፣ ከሌላ ዛፍ ወይም ከሐይቁ ጋር አጋጥመህ አንሳው። ለዚህም ከሰፊ ሌንስ ይልቅ ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ያለው ይመቻል።

ሰማይ የምታስገባበት አንድ ጊዜ አለ፤ እሱን እንዳያመልጥህ። ከጣና በስተምሥራቅ ባለው ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ 11 ተኩል ባለው ጊዜ፣ ዝናቡ ወደ ምሥራቅ አልፎ ደመናው እንደጠቆረ ፀሐይ ከምዕራብ ብቅ የምትልበት ነው። አንተ ከዛፉ ምዕራብ ቁም። ብቻውን የቆመ ዋርካ በጥቁር ደመና ፊት ሲበራ ከደቂቃዎች በላይ አይቆይም፤ ስለዚህ ካሜራው ቀድሞ ተተክሎ መጠበቅ አለበት። እዚህ ላይ ካሜራው ይሳሳታል። ደመናው ብዙውን ቦታ ስለያዘ ጨለማ መስሎት ብርሃን ይጨምርና ዛፉን ያቃጥለዋል። የአንድን ትንሽ ቦታ ብርሃን ብቻ የሚለካውን ስፖት ሜትር የበራው ቅጠል ላይ አሳርፈህ ለካ፤ ወይም ኤክስፖዠሩን (ወደ ፎቶው የሚገባውን ብርሃን) ከሁለት ሦስተኛ እስከ አንድ ስቶፕ ቀንስና የጨለማና የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየው ሂስቶግራም በቀኝ በኩል እንዳይቆረጥ ተመልከት። ነጎድጓድ ከሰማህ ግን ዕቃህን ሰብስብ። ሜዳ ላይ ከብቸኛ ዛፍ ሥር የብረት የካሜራ መቆሚያ ይዞ መቆም ጅልነት ነው።

ሐይቁ ዳር ወዳለው ባሕረ ገብ መሬት፣ ወደ ዘጌ እንሂድ። ዘጌ ላይ በቆየው ልማድ መሠረት በሬ አይጠመድም፤ ደኑም የተረፈው በዚሁ ነው። ከላይ ብርብራው፣ ሰሳው፣ ዋንዛውና እሸው፣ ከሥር ቡናው ነው። ፀሐይ በወጣ ቀን ውስጡ ለካሜራ ክፉ ነው፤ በየቦታው የተጣለው የብርሃን ነጠብጣብ ዓይን ያውካል፣ ግንዱንም ይቆራርጠዋል። ደመናማ ቀን ግባ። በኤፍ 8 (ይህ የሌንሱ ቀዳዳ መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠብባል) እና በአይኤስኦ 100 (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) ሹተሩ ማለትም ብርሃን የሚገባበት ጊዜ ከሰኮንድ አንድ ስምንተኛ እስከ አንድ አራተኛ ድረስ ይወርዳል፤ ያለ መቆሚያ አይሞከርም። ቅጠል የሚነቀንቅ ነፋስ ካለ አይኤስኦውን 800 አድርገው፤ ያኔ ከ1/30 እስከ 1/60 ትደርሳለህ። ኤፍ 22 ላይ ሁሉም ነገር ይጠራል የሚሉህን አትስማ። ከኤፍ 16 ባለፈ ቁጥር ፎቶው በሙሉ ይለሰልሳል፤ ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11 ይበቃል። ከቅጠል በታች ያለ ብርሃን አረንጓዴ ስለሚቀላቀልበት ግንዱ በሽተኛ መስሎ ይወጣል። ካሜራው ያየውን ሳያቀናብር በሚያስቀምጥበት በራው ፋይል ካነሳህ እቤትህ ታስተካክለዋለህ። ማለዳና ማታ ግን ዋይት ባላንሱን (የቀለም ማስተካከያውን) ለራሱ አትተውለት፤ 5500 ኬልቪን ላይ ቆልፈው። አለዚያ የመጣህለትን ወርቅማ ቀለም ስህተት መስሎት ያጥበዋል።

ገዳማቱን በተመለከተ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትም ሆነ ሌላው ዘንድ መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቅ፤ መቆሚያህን የምእመናን መተላለፊያ ላይ አትትከል። ባለቤትህ አብራ ከመጣች ክብራን ገብርኤል ሴት እንደማይገባ ቀድመህ ንገራት፤ ጀልባ ላይ ሆና መስማቱ ደስ አይልም። ወደ ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሐይቁ ጠዋት ረግቶ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳበት የማታውን ብርሃን ከፈለግህ በየብስ ሂድ ወይም እዚያው እደር። ጀልባ ላይ መቆሚያ ዋጋ የለውም፤ የሞተሩ ንዝረት ሁሉ በእሱ በኩል ይገባል። በእጅህ ያዝ፣ ክንድህን ከጀልባው ጠርዝ አታስደግፍ፣ ሹተሩንም ከ1/500 አታውርደው።

ስለ ፀሐይዋ ደግሞ ይህን አስብ። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ብቻ ስለሚርቅ ፀሐይ ሽቅብ ቀጥ ብላ ትወጣለች፤ በ25 ደቂቃ ውስጥ 6 ዲግሪ፣ በ40 ደቂቃ 10 ዲግሪ ትደርሳለች። ለስላሳው ብርሃን እንግዲህ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ቦታ እየመረጥክ ካጠፋኸው አለቀ። ከወር ወር ደግሞ መውጫዋ ይዘዋወራል። በሰኔ ከምሥራቅ ወደ ሰሜን 24 ዲግሪ ያህል፣ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ያንኑ ያህል ትሄዳለች። በሰኔ ጎኑን የሚበራለት ግንድ በታኅሣሥ ያን ብርሃን ላያገኝ ይችላል። ከሚያዝያ 13 እስከ ነሐሴ 16 ገደማ ባለው ጊዜ ደግሞ በቀትር ፀሐይዋ ከአናታችን አልፋ በሰሜን በኩል ስለምትሆን የግንዱ ሰሜን ጎን ይበራል፤ በቀረው ዓመት ያ ጎን በቀትር ጥላ ነው።

ስለዚህ አንድን ዛፍ ዓመቱን ሙሉ ስትከታተል የእጅ ሰዓትህን አትከተል። ፀሐይ በሰኔ 12 ሰዓት ከ10 ገደማ፣ በጥር 12 ሰዓት ከ50 ገደማ ትወጣለች። ማስታወሻህ ላይ "ፀሐይ ከወጣች ከ15 ደቂቃ በኋላ" ብለህ ጻፍ። ከዚያ ጋር የሌንሱን ሚሊ ሜትር፣ የካሜራውን ከፍታ ከመሬት፣ በኮምፓስ የተለካውን አቅጣጫ ጻፍ። የመቆሚያውን ሦስት እግሮች ያረፉበትን በድንጋይ ምልክት አድርግ፤ የመጀመሪያውን ፎቶ በወረቀት አትመህ ይዘህ ሂድና የትኛው ቅርንጫፍ የፍሬሙን ጥግ እንደሚነካ እያስተያየህ ትከል። ምልክቱን ግን ከውሃው ከፍ አድርገው። ጣና ከግንቦት መጨረሻ ዝቅታው እስከ መስከረምና ጥቅምት ሙላቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይወጣል። ዳርቻው ገደላማ ስላልሆነ ይህ በየብሱ ላይ ብዙ እርምጃ ነው፤ ግንቦት ላይ ያስቀመጥከው ድንጋይ በመስከረም ደንገል ውስጥ ይገኛል። ሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ከመረጥክ እምቦጩ ነጸብራቁን እንደሚሸፍንብህ አትርሳ።

ረጅም ዛፍ ስታነሳ ካሜራውን ሽቅብ ካዘነበልከው ግንዱ ወደ ኋላ የወደቀ ይመስላል። 25 ሜትር የሚሆን ዛፍ ከሆነ 75 ሜትር ያህል ራቅ፣ 50 ሚሊ ሜትሩን በቁመት ያዝ፣ ካሜራውን ሳታዘነብል አንሳ፤ ሙሉው ይገባል። ከታች የሚተርፈውን ሜዳ ትቆርጠዋለህ። ተዳፋት ላይ መውጣት ከቻልክ ደግሞ ይበልጥ ይቀልልሃል።

ከዛፎቹ ሁሉ ብዙ ሰው የሚንቀው ብሳናን ነው፤ እኔ ግን ለጀማሪ ከእሱ የተሻለ አስተማሪ አላየሁም። ቅጠሉ ከላይ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ነጣ ያለ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲገለብጠው ዛፉ በአንዴ ብርማ ይሆናል፤ ይህን ለመያዝ 1/500 ያስፈልግሃል። አረንጓዴውን ከፈለግህ ጠዋት ሳይነፍስ ና። የሚረግፈው ቅጠል ደግሞ ብርቱካንማ ይሆናል፤ ዛፉ በሙሉ ሳይሆን አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ። ፀሐይ ከኋላው እንድትሆን ቁም፣ ከበስተጀርባ ጥላ ያለበት ጎን ፈልግ፣ 135 ወይም 200 ሚሊ ሜትር በኤፍ 4 አድርግና ኤክስፖዠሩን ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ቀንስ። የቅጠሉ ጅማት ሳይቀር ይቆጠራል። የሌንሱ ፊት ላይ ፀሐይ እንዳታርፍ በባርኔጣህ ጋርደው።

ሌላውን ባጭሩ። ዋንዛ ክረምቱ ሲወጣ ነጭ ያብባል፤ በጠራራ ፀሐይ አበባው ነጭ ነጥብ ብቻ ስለሚሆን በደመና ወይም በጥላ አንሳው። የዶቅማ ለጋ ቅጠል ቀላ ያለ ነው፤ የዓባይን ዳር ተከትለህ ፈልገው። ቆርች በበጋ ቅጠሉን አራግፎ በባዶ ቅርንጫፉ ላይ ቀይ ስለሚያብብ፣ ሰማያዊ ሰማይ የሚጠቅመው ለእሱ ነው። በታኅሣሥና በጥር ማለዳው ሲቀዘቅዝ ከውሃው ላይ እንፋሎት ይነሳል፤ ካሜራው ጉሙን ግራጫ ስለሚያደርገው እስከ አንድ ስቶፕ ጨምርለት፤ ፎከሱም ስለሚዋልል በእጅህ አስተካክል። መጋቢትና ሚያዝያ አቧራና ጭስ ነው፤ የሩቁን ተወው። ሚያዝያና ግንቦት ግን ፀሐይ ወደ ሰሜን ስላጋደለች ከከተማው ዳርቻ ሆነህ በውሃው ላይ ስትጠልቅ ታያታለህ፤ አቧራውም ያቀላታል፤ የዳር ዛፎችን ጥቁር ቅርጽ ለማውጣት ጥሩ ነው። የከተማውን ጃካራንዳና የድሬዳዋ ዛፍ ለሌላ ሰው ተውለት፤ ሁሉም አንስቶታል።

ክረምት ላይ የሚያጋጥምህ ትልቁ ጉዳት ዝናቡ ራሱ አይደለም፤ እርጥብ ዕቃ በቦርሳ መዝጋት ነው። እርጥበቱ ለሳምንታት ሳይለቅ ሲቀር ሌንስ ውስጥ ሻጋታ ይበቅላል፤ አንዴ ከገባ መስታወቱን ይበላዋል። ማታ ማታ ቦርሳውን ክፈተው፣ ፖላራይዘሩን ከሌንሱ ላይ ፍታው፣ ክዳኑ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር አስቀምጠው። ጄሉ ሲርስ በቀስታ እሳት አድርቀህ መልሰህ ተጠቀምበት። መቆሚያህ ጭቃ ላይ ሲቆም ቀጭኑን የመጨረሻ እግር አታውጣ፤ ወፍራሙን ክፈት፣ እስኪጠነክር ድረስ ወደ ታች ጫነው፣ ከዚያ ደቂቃ ያህል ጠብቅ። እየሰመጠ ከሆነ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከሥሩ አድርግ።

ሐምሌ ሳያልቅ ና። ቦቲ ጫማ፣ ትልቅ ዣንጥላና ትርፍ ባትሪ ያዝ፤ ዣንጥላውን የሚይዝልህ ልጅ እዚህ አይጠፋም። ሁለተኛ ካሜራ አታምጣ። የምትመጣበትን ሳምንት አስቀድመህ ጻፍልኝ፤ ጀልባውን በዋዜማው ካልተነጋገርን ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ የሚነሳ አናገኝም። ለእማማና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወዳጅህ